ሄንሬታ ላክስ፦ ከትምባሆ ማሳ የወጣችው እናትና ሕዋሷ የገለጠው የካንሰር ምሥጢር

ባሕር ዳር፦ መስከረም 24/2018 ዓ.ም

ልክ በዛሬዋ ቀን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1951፣ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት የአምስት ልጆች እናት በ31 ዓመቷ አረፈች። የገበሬ ልጅ ነበረች፤ ራሷም ትምባሆ ስትተክልና ስትለቅም ያደገች። ርስት አላወረሰችም፤ ገንዘብ አላስቀመጠችም፤ የጻፈችው መጽሐፍም የለም። ይሁን እንጂ ከሰውነቷ የተወሰደች፣ ከትንሽ ሳንቲም የማትበልጥ ቁራጭ ሥጋ ከእርሷ ጋር አልሞተችም። ከዚያች ቁራጭ የተገኙት ሕዋሳት እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች እየተባዙ ይኖራሉ።

ይህች ሴት ሄንሬታ ላክስ ትባላለች። ለሞት ያበቃት የማኅፀን በር ካንሰር ነው። በሕይወት በነበረችበት ዘመን የዚህን በሽታ መንስኤ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። መልሱ የተገኘው ከሞተች ከ30 ዓመታት በኋላ ነው። አንድ ቫይረስ የራሱን ዘረ መል ከእርሷ ዘረ መል ጋር እንዳጣበቀ የገለጡትም የራሷ ሕዋሳት ናቸው። ያ ግኝት ዛሬ የእኛን እናቶች፣ እኅቶችና ሴት ልጆች ሕይወት ለማዳን የሚያስችል በመሆኑ፣ በዕለተ ሞቷ መታሰቢያ ታሪኳን እናነሳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የተገለጹት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከትምባሆ ማሳ የጀመረ ሕይወት

ሄንሬታ የተወለደችው ኦገስት 1 ቀን 1920 በቨርጂኒያ ግዛት ሮአኖክ በተባለች ከተማ ነው። በልደቷ የተሰጣት ስም ሎሬታ ፕሌዛንት ሲሆን፣ ሄንሬታ የተባለችው በኋላ ነው። አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ኤላይዛ አሥረኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። አባቷ ያን ሁሉ ልጅ ብቻውን ማሳደግ ስላልቻለ፣ ዘመዶቹ ወደሚያርሱበት ክሎቨር ወደተባለ የገጠር ቀበሌ ይዟቸው ተመለሰ። ልጆቹም ለየዘመዱ ተከፋፈሉ። ሄንሬታ የደረሰችው ለአያቷ ለቶሚ ላክስ ነበር።

የአያቷ ቤት ከግንድ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን፣ ቀደም ባለው ዘመን የባሪያዎች ማደሪያ የነበረ ነው። በዚያው ቤት ዴቪድ፣ በቤተሰቡ አጠራር ዴይ የሚባል ዘመዷም ያድግ ነበር። ሁለቱ ልጆች ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ከብት ያልባሉ፤ ዶሮና አሳማ ይመግባሉ፤ ከዚያም ወደ ትምባሆው ማሳ ይወርዳሉ። ሄንሬታ ለጥቁሮች ብቻ በተከፈተ ትምህርት ቤት እስከ 6ኛ ክፍል ተምራ አቋረጠች። የእርሻው ሥራ ለትምህርት ፋታ የሚሰጥ አልነበረም።

ትምባሆ ጉልበት የሚበላ ሰብል ነው። ችግኙ ይፈላል፤ ይዛወራል፤ ቅጠሉ በእጅ ይለቀማል፤ በጎተራ ተሰቅሎ በእሳት ሙቀት ይደርቃል። ሲደርስም በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ሳውዝ ቦስተን ወደተባለችው የገበያ ከተማ ይጓዛል፤ በጨረታም ይሸጣል። በዚያ ገበያ ነጭ ገበሬዎች በመጋዘኑ ፎቅ ላይ ሲያድሩ፣ ጥቁር ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ከታች ከፈረሶቻቸውና ከበቅሎዎቻቸው ጋር ያድሩ ነበር። ሄንሬታ ያደገችው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያ ልጇን ላውረንስን የወለደችው ገና በ14 ዓመቷ ነው። በ1939 ኤልሲ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ከልጆቿ አባት ከዴይ ጋር የተጋቡት በ1941 ነው። የዓለም ጦርነት የብረትን ፍላጎት ባናረበት በዚያ ጊዜ፣ በሜሪላንድ ግዛት ስፓሮውስ ፖይንት የሚገኘው የቤተልሔም ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ዴይ ቀድሞ ሄደ። ሄንሬታም ልጆቿን ይዛ ተከተለችው። ቤተሰቡ በባልቲሞር አቅራቢያ ተርነር ስቴሽን በተባለ የጥቁር ሠራተኞች መንደር ኑሮ መሠረተ። በዚያም ዴቪድ፣ ዲቦራና ጆሴፍ ተወለዱ።

ማንም ያላየው እብጠት

ሄንሬታ በሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ቋጠሮ እንደሚሰማት ለቅርብ ዘመዶቿ መናገር የጀመረችው ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ነው። በ1950 አምስተኛ ልጇን ወለደች። ደም መፍሰሱ ግን አልቆመም። በመጨረሻም ጃንዋሪ 29 ቀን 1951 ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። በዘር መለያየት በዚያ ዘመን ጥቁር ድሆችን ተቀብለው ከሚያክሙ ጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ ይኸው ነበር፤ በዚያም ቢሆን ጥቁሮች የሚተኙበት ክፍል የተለየ ነበር።

የመረመራት የማኅፀን ሐኪም ሃዋርድ ጆንስ በማኅፀኗ በር ላይ ሐምራዊ መልክ ያለው፣ ሲነካ በቀላሉ የሚደማ እብጠት አገኘ። ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ሆስፒታል ስትወልድ በመዝገቧ ላይ ስለ እብጠት የተጻፈ ምንም ነገር አልነበረም። ይህም ሐኪሙን አስገርሞት ነበር። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ።

በዚያን ጊዜ በጆርጅ ፓፓኒኮላው ስም የሚጠራው የማኅፀን በር ምርመራ ታውቆ ነበር። በምርመራው ከማኅፀን በር ላይ ጥቂት ሕዋሳት ተጠርገው በማጉያ መነጽር ይታያሉ፤ ካንሰር ከመሆናቸው በፊት የተበላሹትም ይለያሉ። ሆኖም ምርመራው ገና አልተስፋፋም ነበር። እንደ ሄንሬታ ያለች ደሃ ሴት ሐኪም የምታየው ሕመሙ ሲጠናባት ብቻ ነው።

በዘመኑ የነበረው ሕክምና ራዲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ማዕድን በትናንሽ ቱቦዎች አድርጎ ከማኅፀን በሩ አጠገብ ማስቀመጥ ነበር። የመጀመሪያው ሕክምና በተሰጠበት ዕለት የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ላውረንስ ዋርተን ከእብጠቱ አንዲት ቁራጭ፣ ከጤነኛው ሥጋም ሌላ ቁራጭ ወሰደ። ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም፤ ፈቃድ መጠየቅን የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም። ናሙናው የተላከው የሰው ሕዋሳትን ከሰውነት ውጭ ለማኖር ለብዙ ዓመታት ሲደክም ለነበረው ተመራማሪ ለጆርጅ ጌይ ነው።

ሄንሬታ ወደ ቤቷ ተመልሳ ልጆቿን ትንከባከብ ነበር። ለጨረር ሕክምና በየጊዜው ትመላለሳለች፤ የሆዷ ቆዳ በጨረሩ ጠቁሮ ነበር። ካንሰሩ ግን መስፋፋቱን አላቆመም። በኦገስት ወር ሆስፒታል ተኛች፤ ከዚያም አልወጣችም። ከሞተች በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር በሽታው በውስጥ አካላቷ ሁሉ ተሰራጭቶ ተገኘ። ሬሳዋ ወደ ክሎቨር ተወስዶ በቤተሰቡ መሬት፣ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ሳይቆምበት ተቀበረ። የመጨረሻው ልጇ ገና አንድ ዓመቱ ነበር።

ያልሞቱት ሕዋሳት

በጌይ ቤተ ሙከራ እስከዚያ ቀን ድረስ የተሞከሩት የሰው ሕዋሳት በሙሉ በማለት ይቻላል በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ከሄንሬታ ጤነኛ ሥጋ የተወሰዱትም እንዲሁ ሞቱ። ከእብጠቱ የተወሰዱት ግን በየ24 ሰዓቱ በእጥፍ ይበዙ ጀመር። ዕቃ ሲሞላባቸው ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣሉ፤ ያም ይሞላል። ከስሟና ከቤተሰብ ስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ ሄላ የሚል ስም ተሰጣቸው።

ጌይ ሕዋሳቱን ለጠየቁት ተመራማሪዎች ያለ ክፍያ ያድል ነበር። በተስኪጊ የጥቁሮች የትምህርት ተቋም የተቋቋመ ማዕከል ሕዋሳቱን በብዛት እያመረተ የልጅነት ልምሻ ክትባት በሚሞከርበት ጊዜ ለምርመራ አቅርቧል። ከዚያ በኋላ ሄላ ሕዋሳት ያልገቡበት የሕክምና ምርምር ጥቂት ነው። ጨረር በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተጠንቶባቸዋል፤ መድኃኒቶች ተሞክረውባቸዋል፤ ወደ ጠፈርም ተልከዋል።

ነገር ግን ሳይንቲስቶች ለ30 ዓመታት ያህል ሲጠቀሙባቸው እነዚህ ሕዋሳት ለምን እንደማይሞቱ አላወቁም ነበር። የማይሞቱበት ምክንያትና ሄንሬታን የገደላት ምክንያት አንድ መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው።

በዘረ መል ውስጥ የገባው እንግዳ

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ነው የሚል እምነት ነበረው። ሌሎች ባለሙያዎች በዚያን ጊዜ የሚጠረጥሩት ሌላ ቫይረስ ስለነበር ሐሳቡን የሚቀበለው ጥቂት ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ በ1983 ዓይነት 16 የተባለውን፣ በ1984 ደግሞ ዓይነት 18 የተባለውን ቫይረስ በካንሰር ናሙናዎች ውስጥ አገኙ። ዓይነት 18 ከተገኘባቸው መካከል አንዱ ሄላ ነበር። ሄንሬታ ከሞተች ከ33 ዓመታት በኋላ ገዳይዋ በራሷ ሕዋሳት ውስጥ ተያዘ። ዙር ሃውዘን በዚህ ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ቫይረሱ እንዴት ካንሰር እንደሚያመጣ ለመረዳት መጠኑን ማሰብ ይጠቅማል። የሰው ልጅ ዘረ መል ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ረጅም መጽሐፍ ነው ቢባል፣ የኤች ፒ ቪ ዘረ መል ስምንት ሺሕ ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት ትንሽ ወረቀት ነው። ቅርጹም እንደ ቀለበት ክብ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ንክኪ ይተላለፋል፤ በማኅፀን በር ላይ በሚፈጠር ለዓይን በማይታይ ጭረት በኩልም ወደ ታችኛው የሕዋሳት ንብርብር ይገባል። በዚያም ቀለበቱ ከሰውየዋ ዘረ መል ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ በሕዋሱ ጉልበት እየተጠቀመም ይባዛል።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚህ ያበቃል። የሰውነት መከላከያ ኃይል በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን ያጠፋዋል። በአንዳንድ ሴቶች ግን ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በቆየ ቁጥር ያ ቀለበት የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል። ሲሰበርም ገመዱ ክሮሞዞም ከሚባለው የሰው ዘረ መል ጋር ተቀጣጥሎ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር የራሱን ዘረ መል ሲገለብጥ የቫይረሱንም አብሮ ይገለብጣል።

ዋናው ጉዳት የሚመጣው ቀለበቱ ከሚሰበርበት ቦታ ነው። ኤች ፒ ቪ ሕዋሱን ለመባዛት የሚገፋፉ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ዘረ መሎች አሉት። እነዚህን ሁለቱን እንደ ልጓም የሚይዝ ኢ2 የሚባል ሌላ ዘረ መልም አለው። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በዚህ በኢ2 ላይ ነው። ልጓሙ ሲበጠስ ሁለቱ ያለ ከልካይ ይሠራሉ። ኢ6 ፒ53 የተባለውን የሕዋስ ጠባቂ ያስወግዳል፤ ይህ ጠባቂ የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያቆም፣ ካልሆነም እንዲሞት የሚያደርግ ነው። ኢ7 ደግሞ አር ቢ የተባለውንና የመባዛትን በር የሚዘጋውን ቁልፍ ይሰብራል። ጠባቂውም ቁልፉም የጠፋበት ሕዋስ ያለ ልክ ይባዛል፤ በየመባዛቱም ሌላ ብልሽት ይጨምራል። እንዲህ እያለ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ይሆናል።

የሚገርመው ይህ ለቫይረሱም ጥቅም የለውም። ከሰው ክሮሞዞም ጋር የተጣበቀው ቁራጭ አዲስ ቫይረስ ሊሠራ አይችልም። በሁሉም የማኅፀን በር ካንሰር ላይ መጣበቅ ይታያል ማለትም አይደለም፤ በዓይነት 18 ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገኛል።

የሄንሬታ ሕዋሳት ዘረ መል በዝርዝር በተነበበበት በ2013 ቫይረሱ የገባበት ቦታ በትክክል ታወቀ። በ8ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ማይክ ከሚባለው የሕዋስን ዕድገት ከሚያፋጥን የሰው ዘረ መል አቅራቢያ ነው። የገባው የቫይረስ ቁራጭ ይህን ዘረ መል እንዲነቃ አድርጎታል። የሄንሬታ ካንሰር እንደዚያ የከፋው፣ ሕዋሳቷም እንደዚያ የጠነከሩት አንድም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል።

ቫይረሱ በዳይ ለመሆኑ አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ሳይንቲስቶች የጠፋውን ልጓም፣ ኢ2ን፣ ወደ ሄላ ሕዋሳት መልሰው ባስገቡ ጊዜ ለአሥርት ዓመታት ያለ ማቋረጥ ሲባዙ የኖሩት ሕዋሳት መባዛታቸውን አቆሙ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም የሚነዳቸው ያ ቫይረስ ነበር ማለት ነው።

የዕፅዋት በሽታ ለተማረ ሰው ይህ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጽጌረዳና በፍራፍሬ ዛፎች ግንድ ሥር ዕጢ የሚያወጣ አግሮባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ ከራሱ ዘረ መል ቆርሶ በተክሉ ክሮሞዞም ውስጥ ይሰካል፤ ተክሉም የራሱን ዕጢ ራሱ ያሳድጋል። ይህ በ1977 የተረጋገጠው በትምባሆ ተክል ሕዋሳት ላይ ነው። ሄንሬታ በልጅነቷ ስትለቅመው በኖረችው ሰብል ላይ የታየው የበሽታ ስልት በእርሷም ሰውነት ውስጥ ተመሳሳዩ ተፈጽሟል።

ልጅ የማይወርሰው በሽታ

የሄንሬታ ቤተሰብ ስለ ሕዋሳቷ የሰማው እርሷ ከሞተች ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1973 ነው። ከዚያ በፊት ስሟ እንኳ በትክክል አይታወቅም ነበር፤ ብዙ ጽሑፎች ሄለን ሌን ይሏት ነበር። ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ ሄላ ሕዋሳት ከሌሎች ሕዋሳት ጋር እየተቀላቀሉ ስላስቸገሩ፣ ለመለየት ይረዳቸው ዘንድ ከልጆቿ ደም ወሰዱ። ለምን እንደሚወሰድ ግን ቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ የነገረው አልነበረም። ባለቤቷ ዴይ ልጆቹ እናታቸውን የገደለው ካንሰር እንዳለባቸው እየተመረመሩ ነው ብሎ ተረዳ።

ከሁሉ በላይ የተሰቃየችው ሴት ልጇ ዲቦራ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። የእናቷን ዕድሜ ስትይዝ እርሷም በዚያው በሽታ እንዳትሞት ለዓመታት ስትፈራ ኖራለች፤ ያረፈችው በ2009 ነው። በሕዋሳቱ ላይ የተደረገው ምርምር ግን ይህን ፍርሃት የሚያስወግድ ነበር። ቫይረሱ የተጣበቀው በማኅፀን በር ሕዋስ ላይ እንጂ ልጅ በሚፈጠርበት ዕንቁላል ላይ አይደለም። ስለዚህ እናት ያን የተሰካ ዘረ መል ለልጇ አታወርስም። በሽታው የዘር እርግማን አይደለም። እውቀቱ በዓለም ሲዳረስ ለገዛ ልጇ ግን በጊዜው የሚያስረዳት አልተገኘም።

ጊዜ ቢወስድም ጥቂት ነገር ተስተካክሏል። በ2010 ስሟ የተጻፈበት የመቃብር ድንጋይ ቆመላት። በ2013 የሕዋሳቷ ዘረ መል ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ይፋ በመደረጉ በተነሣ ቅሬታ ምክንያት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም መረጃው በቁጥጥር እንዲያዝና የቤተሰቡ አባላት በውሳኔው እንዲሳተፉ ተስማማ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በጄኔቫ ለሄንሬታ መታሰቢያ ሽልማት ሰጥተዋል፤ የተቀበሉትም የበኩር ልጇ ላውረንስ ናቸው። በ2023 ደግሞ ቤተሰቡ ሕዋሳቱን በመሸጥ ካተረፈው ተርሞ ፊሸር ሳይንቲፊክ ኩባንያ ጋር የነበረውን ክርክር በስምምነት ቋጭቷል።

ታሪኩ ለእኛ ምን ይነግረናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺሕ ያህል ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር ተይዘዋል፤ 350 ሺሕ ያህሉም ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ነው። በሀገራችንም በሽታው ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር ነው።

ገበሬዎቻችን አቀንጭራን ያውቃሉ። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ከበቀለም በኋላ መጀመሪያ የሚያጠቃው ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ነው። አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ሰብሉ ብዙ ተጎድቷል። የማኅፀን በር ካንሰርም እንዲሁ ነው። ቫይረሱ ከገባ ጀምሮ ካንሰር እስኪሆን ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደሟ ባለና ሕክምና በማትከታተል ሴት ላይ ጊዜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕመም ላይኖር ይችላል። ሄንሬታ እብጠቱ ሲሰማት ያ ረጅም ጊዜ አልፎ ነበር። ዛሬ ያለች ሴት ግን ያን ጊዜ ልትጠቀምበት ትችላለች።

የመጀመሪያው መንገድ ክትባት ነው፤ ቫይረሱ ገና ሳይገባ ይከላከላል። ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ብቻ ነው። በውስጡ የቫይረሱ ዘረ መል የለበትም፤ ስለዚህ ከሰው ዘረ መል ጋር የሚጣበቅ ነገር የለውም፤ መካንነትንም አያመጣም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች እንዲከተቡ ይመክራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ መስጠትም እንደሚበቃ በ2022 አሳውቋል። በእንግሊዝ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ በተሰጣቸው ሴቶች ዘንድ በሽታው በ87 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። ክትባቱ ቀድሞ የገባን ቫይረስ ስለማያወጣ በልጅነት መሰጠቱ ወሳኝ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምርመራ ነው። ቫይረሱ ገብቶ ሕዋሳቱን ማበላሸት ቢጀምርም ካንሰር ከመሆኑ በፊት ሊደረስበት ይችላል። በሀገራችን ምርመራው በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ይሰጣል። ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን አሲቲክ አሲድ በተባለ፣ ከኮምጣጤ ጋር ተመሳሳይ በሆነ ፈሳሽ ትቀባለች፤ የተበላሸው ቦታ ወደ ነጭነት ይለወጣል። ያ ቦታ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ዘዴ ይወገዳል፤ ብዙ ጊዜም ሕክምናው በዚያው ቀን ያልቃል። ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ይመለከታል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ስለሚሆን ከዚያ ቀድመው መጀመር ይገባቸዋል።

ከወር አበባ ውጭ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም የሚያያት፣ ጠረን ያለው ፈሳሽ የሚበዛባት ሴት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።

በዚህ ላይ እፍረት ሊኖር አይገባም። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ አብዛኞቹ ወንዶችና ሴቶች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። አንዲት ሴት ቫይረሱ ተገኘባት ማለት ነውር ሠራች ማለት አይደለም። ባልም ሚስቱን ወደ ምርመራ ቢሸኝ፣ አባትም ልጁን ለክትባት ቢልክ ቤቱን የሚያቆም ሥራ ሠራ ማለት ነው።

የጤና ባለሙያዎችም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት አለ። የላክስ ቤተሰብ ለዓመታት በፍርሃት የኖረው ማንም በሚገባው ቋንቋ ስላላስረዳው ነው። ክትባት ሲሰጥም ሆነ ናሙና ሲወሰድ ምክንያቱን አስረድቶ ፈቃድ መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው። ሳይነገረው የቀረ ቤተሰብ ወሬ ቢያምን የሚፈረድበት እርሱ አይደለም።

ሄንሬታ ላክስ የትምባሆ ማሳ ትታ ወደ ከተማ የሄደችው ለልጆቿ የተሻለ ኑሮ ፈልጋ ነበር፤ ሲያድጉ ግን አላየችም። በሰውነቷ ውስጥ በዝምታ የተፈጸመው ነገር ዛሬ በስሙ ይታወቃል፤ የሚታገድበትም መንገድ ተገኝቷል። ያ መንገድ በየአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ በኩል ያልፋል።